የፈትሌ ደብተርና አልሠራ ያለው ኢንዛይም

ተረት ተረት። «የነጭ ወረቀት!» በሉኝ እንጂ። አዎ፣ እንደሱ።

አንዲት እናት ነበረች፣ ትርንጎ የምትባል። ሁለት ልጆች አሏት። ትልቋ ፈትለወርቅ ናት፤ ፈትሌ ይሏታል፣ ሰባት ዓመቷ ነው። ትንሹ ቢተው ገና ስድስት ወሩ ነው፤ ከእናቱ ጀርባ ብዙም አይወርድም። ትርንጎ ትምህርቷን ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠችው። ማንበብ ታነባለች፤ ግን ጣቷን እያስኬደች፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራች ነው። ሰው ከኋላዋ መጥቶ ከቆመ ደግሞ ያቺው ፊደል ራሷ ብን ብላ ትጠፋባታለች።

ትርንጎ ፈሪ ናት። የጅብ ፈሪ ማለቴ አይደለም፣ የልጅ ፈሪ። ቢተው ካስነጠሰ ትደነግጣለች፤ ሳያስነጥስ ከዋለም ትደነግጣለች። ገላውን ስታጥበው ውሃውን በእጇ ነክታ አታምንም፤ እጇ ከድስትና ከከሰል ጋር ሲታገል ደንድኗል። እጅጌዋን ሰብስባ ክርኗን ትነክራለች። ክርን አይዋሽም። ክርኗ «እሺ» ካላት ብቻ ነው ቢተው ውሃ የሚገባው። ጎረቤቶቿ «ይቺ ልጅ ልጇን በክርኗ ነው የምታሳድገው» እያሉ ይስቁባታል።

የሚኖሩት ከወረቀት ፋብሪካው አጥር ሥር ነው። ፋብሪካው አሮጌ ወረቀት ይሰበስባል፤ ያለፈ ጋዜጣ፣ ተጽፎ ያለቀ ደብተር፣ የወደቁበት የፈተና ወረቀት። እሱን ነክሮ እንደ ሊጥ ያቦካዋል፣ ቀለሙን ያስለቅቀዋል፣ ጠፍጥፎ ያደርቀዋል፣ አዲስ ወረቀት ያደርገዋል። ይህን ሁሉ ትርንጎ አታውቅም ነበር። ፋብሪካ ማለት ለእሷ ጠዋት የሚጮህ ነገር ነው።

የምትፈልገው ነገር ትንሽ ነው። አንድ ደብተር። ሁለት አላለችም፣ አንድ።

ረቡዕ ጠዋት ፈትሌን ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። የአንደኛ ክፍሏ መምህርት አልጣሽ በሩ ላይ ቆማ ልጆች ታስገባለች።

«ደብተሯስ?» አለች መምህርት አልጣሽ።

«ሱቅ ላይ የለም መምህርት፣ ይመጣል ብለውኛል።»

«ትርንጎ፣ ሳምንቱን ሙሉ ‹ይመጣል› ነው ያልሽኝ። ክፍሉ ሞልቷል፤ ሰባ ሁለት ናቸው። ቦታ የሚጠብቁ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው እያየሻቸው ነው። ዓርብ ጠዋት ደብተር ይዛ ካልመጣች ቦታዋን ለሌላ እሰጣለሁ። ፈትሌ እንግዲህ ለከርሞ ነች።»

ለከርሞ! ይቺን ቃል ትርንጎ ታውቃታለች። እሷም ከአራተኛ ክፍል ደጅ «ለከርሞ» ተብላ ነበር የተመለሰችው። ያ ከርሞ እስከ ዛሬ አልመጣም።

መምህርት አላስገባ አለች። ፈትሌም ደጅ ቀረች።

ትርንጎ ቢተውን በጀርባዋ፣ ፈትሌን በእጇ ይዛ ወደ ጋሽ ሙዘይን ሱቅ ሮጠች።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ደብተር መጣ?»

«ላጲስ አለ ልጄ። መቅረጫ አለ። እርሳስ አለ፣ ባለ ሁለት ቀለም። ደብተር ግን የለም።»

«ላጲስ ያለ ደብተር ምን ሊያጠፋ ነው?»

«እሱን እኔም እላለሁ። ከሌላ አገር የመጣው በዘመን መለወጫ ሳምንት አለቀ። የእኛው ፋብሪካ ደግሞ ቢላዋው አልቆርጥ ብሎታል አሉ።»

«ቢላዋ? ደብተርና ቢላዋ ምን አገናኛቸው ጋሼ?»

«እኔ ባለሱቅ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ? ሂጂና ቢላዋውን ጠይቂው።»

እየቀለደ ነበር። ትርንጎ ግን ልቧ ላይ ቀልድ የሚገባበት ቦታ አልነበረም። እንዳይጠፋት በጣቷ እየቆጠረች፣ በአፏ እየደገመች ሄደች።

ቢላዋው አልቆርጥ አለ፤ ሱቁ አልሰጥ አለ፤ መምህርት አላስገባ አለች።

«እኔም ደጅ ቀረሁ» አለች ፈትሌ፣ ቀሚሷን ይዛ እየተከተለቻት።

የፋብሪካው በር ላይ ዘበኛው አስቆማት። «ማንን ፈልገሽ ነው?»

«ቢላዋውን።»

ዘበኛው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ምን አደረገሽ? ከማን ተጣላሽ?»

«ኧረ እኔ ከማንም አልተጣላሁም! ቢላዋው አልቆርጥ ስላለ ነው፤ ስለዚህ ሱቁ አልሰጥ አለ፤ ስለዚህ መምህርት አላስገባ አለች…»

«እኔም ደጅ ቀረሁ።»

ዘበኛው አንዴ እናቲቱን፣ አንዴ ልጂቱን፣ አንዴ ከኋላ ብቅ ያለውን የቢተውን ራስ አየ። ምንም አልገባውም። «ግቢ በቃ» አለ፤ «የማይገባኝን ነገር ደጅ ላይ ከማቆየው ውስጥ ያሉት ይስሙት። ቢላዋውን የያዘችው እትዬ በለጡ ናት፣ በግራ በኩል።»

እትዬ በለጡ ትልቁን የወረቀት መቁረጫ የምታሠራ ወፍራም ሴት ናት። እጆቿን አጣምራ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ቢላዋው ከራሷ በላይ እንደ በር መድረክ ሰፍቶ ተንጠልጥሏል።

«እትዬ፣ ቢላዋው ለምን አልቆርጥ አለ?»

«ማነው ቢላዋዬን ያማው? ሙዘይን ነው አይደል? ቢላዋዬ ጸጉር ለሁለት ይሰነጥቃል የኔ ልጅ! ግን ምን ይቁረጥ? አየር ይቁረጥ? ማሽኑ ጥቅል ወረቀት ካልሰጠኝ እኔ እጄን አጣምሬ ነው የምውለው። ማሽኑ አልጠቀልል ብሏል። እዚያ ማዶ ጫላ አለልሽ፣ እሱን ጠይቂ።»

ትርንጎ አንድ ጣት ጨመረች። ሄደች እየደገመች።

ማሽኑ አልጠቀልል አለ፤ ቢላዋው አልቆርጥ አለ፤ ሱቁ አልሰጥ አለ፤ መምህርት አላስገባ አለች።

«እኔም ደጅ ቀረሁ።»

የጫላ ማሽን ከአንድ ሰፈር ይረዝማል። በአንድ በኩል የወረቀት ሊጥ ይገባል፣ በሌላው በኩል ወረቀት ተጠቅልሎ ይወጣል። ዛሬ ግን ዝም ብሏል። ጫላ ገንዳው አፍ ላይ ቆሞ ሊጡን በዱላ ያማስላል።

«ወንድሜ፣ ማሽኑ ለምን አልጠቀልል አለ?»

«ማሽኔ? ማሽኔ ጤነኛ ነው እህትዬ። ይሄን እይው እስቲ።» ከገንዳው አንድ ጭብጥ አውጥቶ አሳያት። ጥቁርም አይደል፣ ነጭም አይደል፤ የክረምት ጭቃ ይመስላል። «ይሄን ብጠቀልልልሽ የሚወጣው ደብተር አይደለም፣ የሐዘን ነጠላ ነው። ልጅሽ በነጭ ጠመኔ ካልጻፈችበት በስተቀር አይታይም። ቀለሙ አልለቅ ብሏል።»

«የምን ቀለም?»

«የድሮው ጽሑፍ ነዋ! ጋዜጣው፣ ደብተሩ፣ ሰው የጻፈው ሁሉ። ወረቀቱ ይሟሟል፣ ቀለሙ ግን ሙጭጭ ብሎ ይዞታል።»

«ለምን አልለቅ አለ?»

«ኢንዛይሙ አልሠራ ብሎ!»

ትርንጎ ይህን ስም ሰምታ አታውቅም። ግን ፋብሪካ ብዙ ሰው ነው ያለው፣ የማታውቀው ሠራተኛ ቢኖር ምን ይገርማል? «አዲስ ነው?» አለች።

«አዎ፣ ከመስከረም ወዲህ ነው የገባው። ሶስና ናት ያመጣችው፣ የላቦራቶሪዋ።»

«አኩርፎ ነው እንዴ?»

«እንዴት ብዬ ላውቅ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር አልሠራም። ገንዳ ውስጥ ገብቶ ዝም ነው።»

ገንዳ ውስጥ ገብቶ ዝም! ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች። ‹አይ ዘመድ መቅጠር› አለች በሆዷ፤ ‹ይሄው ጦሱ ለእኔ ልጅ ተረፈ።›

አሁን ነገሩ በዛባት። ጣቶቿ ተደበላለቁባት። ቢተው ደግሞ ነቅቶ ጸጉሯን ይጎትታል። ሶስና ዘንድ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ፣ ቃሉም ከትንፋሹ ጋር ተቆራርጦ ነበር።

«እህቴ፣ በእናትሽ! ኢንዛይሙ አልለቅ አለ፤ ቀለሙ አልቆርጥ አለ፤ ማሽኑ አልሰጥ አለ፤ ቢላዋው አላስገባ አለች…»

«አይደለም እማዬ» አለች ፈትሌ። ጣቷን ዘርግታ ከመጨረሻው ጀምራ አስተካከለችው። «ኢንዛይሙ አልሠራ አለ፤ ቀለሙ አልለቅ አለ፤ ማሽኑ አልጠቀልል አለ፤ ቢላዋው አልቆርጥ አለ፤ ሱቁ አልሰጥ አለ፤ መምህርት አላስገባ አለች፤ እኔም ደጅ ቀረሁ።»

ሶስና ነጭ ጋዋን የለበሰች ቀጭን ልጅ ናት። ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። እርሳሷን አስቀምጣ ልጂቱን ትክ ብላ አየቻት። «ጎበዝ!» አለች፤ «እኔ ራሴ ለአለቃዬ እንዲህ ደርድሬ ማስረዳት አቅቶኝ ነው የከረምኩት።»

«እንግዲያውስ እህቴ» አለች ትርንጎ፣ «ያንን ሰውዬ አስታርቂልን። ይቅርታ የሚልም ካለ ይበለው። ካስፈለገ ሽማግሌ ይላክበት።»

«የቱን ሰውዬ?»

«ኢንዛይም የሚባለውን።»

ሶስና ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ሊዞር ሲል ያዘችው። ከመደርደሪያው አንድ ጄሪካን አወረደችና ክዳኑን ከፈተችው። ውስጡ ቡናማ ፈሳሽ ነው፣ የጠላ ድፍድፍ የመሰለ ሽታ አለው። «ይኸውልሽ። ኢንዛይም ማለት እሱ ነው።»

ትርንጎ አጎንብሳ አየች። የሚያኮርፍ ነገር አልታያትም። «ሰው አይደለም?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«ይበላል። ቀለሙን ከወረቀቱ ጋር ያጣበቀውን ሙጫ ቀስ እያለ ይበላዋል። ቀለሙ መያዣ ሲያጣ ይለቃል፣ በአረፋ ወደ ላይ ይወጣል፣ እኛ እንገፈዋለን።»

«ከበላማ ሕይወት አለው።»

«የለውም። ግን ሕይወት ካለው ነገር ነው የሚወጣው።»

«ይበላል ትያለሽ፤ ሕይወት የለውም ትያለሽ!»

«እኔም ስማር ግራ ገብቶኝ ነበር» አለች ሶስና። «ዋናው ነገር፣ ድሮ ቀለሙን የምናስለቅቀው ሶዳ በሚባል ኬሚካል ነበር። የሠራተኛውን እጅ ይልጠዋል፣ ወንዙ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ዓሣውን ይፈጀዋል። ይሄ ግን ማንንም አይጎዳም። እኔ ነኝ ለምኜ ያስመጣሁት። ይሄው በብርጭቆ ስሞክረው ይሠራል፤ ተመልከች።» ሁለት ብርጭቆ አሳየቻት። በአንዱ ጭቃው እንዳለ ነው። በሌላው ቀለሙ ለብቻው ተንሳፍፎ ከሥሩ ሊጡ ነጭ ሆኗል። «በብርጭቆ ይሠራል፣ ገንዳ ውስጥ ስጨምረው እምቢ ይላል። ለምን? አላውቅም። እስከ ነገ ማታ ድረስ ካልሠራ ወደ ሶዳው እንመለሳለን ብለውኛል። የሶዳው ዕቃ ተነቅሏል፤ እሱን መልሶ መግጠም ደግሞ ሁለት ወር ነው።»

ሁለት ወር! ፈትሌ ሁለት ቀን ነው ያላት። ትርንጎ ባገኘችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። ቢላዋው ደህና፣ ማሽኑ ደህና፣ ይሄ የሚበላና ሕይወት የሌለው ነገርም በብርጭቆ ደህና። ሁሉም ደህና ከሆነ ልጄን ደጅ ያስቀረ ማነው? ከዚያ እናት ልጅ ሲታመም የምትጠይቀው ጥያቄ ነው ከአፏ የወጣው።

«ምን ይጠላል?»

«ማን?»

«ይሄ ኢንዛይም። የማይስማማው ነገር የለም?»

«የፈላ ውሃ አይስማማውም። ውሃው ከፈላ አበቃለት፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይበላም። ቀዝቃዛም አይወድም።»

«ታዲያ ውሃው ፈልቶ እንዳይሆን?»

«የውሃው ሙቀት መለኪያ ሃምሳ ነው የሚለው። በቀን አሥር ጊዜ ሄጄ አየዋለሁ። ሁልጊዜ ሃምሳ ነው። ከሃምሳ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም።»

«ሃምሳ ማለት እንዴት ነው? ይፋጃል?»

ሶስና አሰበች። «ምን ልበልሽ… ሕፃን ከምታጥቢበት ውሃ ሞቅ የሚል፣ ግን ያልፈላ።»

አሁን! ከጠዋት ጀምሮ ለትርንጎ የገባት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነበር። ብድግ አለች። «ውሃውን ላየው እችላለሁ?»

«እያልኩሽ፣ ውሃው ደህና ነው።»

«ሁሉም ደህና ነው እያላችሁኝ ነዋ ልጄ ደጅ የቀረችው!»

ሶስና ጋዋኗን እየቆለፈች ከፊት ቀደመች። ቦይለሩ፣ የፋብሪካው ትልቁ ውሃ ማፍያ፣ ያለው ከጓሮ ነው። ጠባቂው ጋሽ ወልደየስ ይባላል። ሃያ ሦስት ዓመት እዚያው ውሃ ሲያፈላ ኖሯል፤ ፊቱ ራሱ የተቀቀለ ይመስላል። ቦይለሩ ለዘመን መለወጫ የብር ቀለም ተቀብቶ እንደ ሙሽራ ያብረቀርቃል።

«ጋሼ» አለች ትርንጎ፣ «ውሃው ስንት ነው?»

«ተጽፎ የለ? አታነቢም?»

ትርንጎ ፊቷ ቀላ። ሰው ከኋላዋ ቆሟል፤ ሶስናም፣ ወሬ ሰምተው የመጡት ዘበኛውና እትዬ በለጡም። ቢሆንም ጣቷን ዘረጋች። አምስት። ዜሮ። የመለኪያው መርፌ እዚያው ላይ ቆሟል። «ሃምሳ» አለች በቀስታ።

«በቃ! ሃምሳ ከሆነ ሃምሳ ነው።»

ትርንጎም ልትመለስ ነበር። ለካስ ተሳስቻለሁ፤ የተማሩት ያዩትን እኔ ማን ነኝ፤ አለች በልቧ። ግን ቧንቧው ጫፍ ላይ የምትንጠባጠበውን ውሃ አየች። ጠብ ባለች ቁጥር መሬቱ ላይ እንፋሎት ብድግ ይላል። የቢተው ውሃ እንዲህ ጨሶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ በባልዲ ትንሽ ይቅዱልኝ።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«በክርኔ ልየው።»

«በምንሽ?» ጋሽ ወልደየስ ሳቁ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ሃያ ሦስት ዓመት በዓይኔ የጠበቅሁትን ውሃ እሷ በክርኗ! ልጄ፣ ይሄ ፋብሪካ ነው፤ የሕፃን መታጠቢያ አይደለም።»

«ቅዳላት አንተ ሽማግሌ!» አለች እትዬ በለጡ። «አየር ስቆርጥ ሦስት ሳምንቴ ነው። ክርን ቀርቶ በአፍንጫም ትየው።»

ቀዳላት። ትርንጎ ቢተውን አውርዳ ሶስናን አስታቀፈቻት። እጅጌዋን ሰበሰበች። ክርኗን አስጠጋች። ገና አልነከረችውም፤ ጫፉን ብቻ ነካ አድርጋ «ዋይ!» ብላ ዘለለች።

«ጋሼ! ይሄ ሃምሳ አይደለም! ይሄ ዶሮ የሚነጭበት ውሃ ነው!»

ጋሽ ወልደየስ ሳቁ ጠፋ። ሶስና ቢተውን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው እስክሪብቶዋን አውጥታ መርፌውን ገፋ አደረገችው። አልነቃነቅ አለ። ጠጋ ብላ አየች። መርፌው ሥር የብር ቀለም ደርቆ እንደ ሰም አጣብቆታል።

«ጋሽ ወልደየስ! የመለኪያው መስታወት የት ሄደ?»

«ድሮ ተሰብሯል እኮ። ለበዓሉ ፋብሪካው ሲቆም ቀቢው መጣ። ቦይለሩ እየበረደ ነበር። ‹ጋሼ፣ አንድም ቦታ ሳላስቀር ቀባሁት› አለኝ። እኔም…» ጋሽ ወልደየስ ባርኔጣውን አወለቀ። «እኔም መረቅሁት።»

«እሳቱንስ?»

«እሳቱንማ እንደ ሶዳው ጊዜ ነው የማነደው፤ እጄ እሱን ነው የለመደው። ሃምሳ ይበልጣል ብዬ ሳይ ሃምሳ ነው። ይሄ ኢንዛይም ያላችሁት ነገር ውሃውን እያበረደልኝ ነው ብዬ ስደነቅ ነበር የከረምኩት!»

ሶስና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኢንዛይሙን ስትቀቅለው ከርማለች። እንዲህ ነው ነገሩ እንግዲህ። ፈትሌ የአንድ እጇ ጣት አልበቃት ብሎ የወንድሟን ጣት ጨምራ ቆጠረችው፤

«መርፌው አልነቃነቅ አለ፤ ውሃው አልበርድ አለ፤ ኢንዛይሙ አልሠራ አለ፤ ቀለሙ አልለቅ አለ፤ ማሽኑ አልጠቀልል አለ፤ ቢላዋው አልቆርጥ አለ፤ ሱቁ አልሰጥ አለ፤ መምህርት አላስገባ አለች፤ እኔም ደጅ ቀረሁ!»

«ማነው ሁሉንም ያመጣው?» አለ ዘበኛው፣ አሁንም ግራ እንደገባው።

«የጋሽ ወልደየስ ምርቃት!» አለች እትዬ በለጡ።

ጋሽ ወልደየስ እሳቱን ቀነሰ፣ ቀዝቃዛውን ውሃ ለቀቀ። መርፌውን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሁሉም የትርንጎን ክርን ነው የሚያየው።

«አሁንስ?»

«ገና ነው።»

«አሁንስ ልጄ?»

«ገና። ይፋጃል።»

«አሁንስ? ኧረ ልቤ ሊወጣ ነው!»

ትርንጎ ክርኗን ነክራ ቆየች። «ለቢተው ብዙ ነው። ያስለቅሰዋል፤ የእኔ ክርን ግን ቻለው።» ሶስና ሮጣ የላቦራቶሪዋን ትንሽ መለኪያ አመጣች። ከዚያ ትልቅ መርፌ በላይ እሱን ማመን ትዝ ብሏት አያውቅም ነበር። ነከረችው። ሃምሳ ሁለት አለ።

ከዚህ በኋላማ ተረቱ ራሱ ነው ወደ ኋላ የሮጠው።

ውሃው በረደ፤ ሶስናም አዲስ ኢንዛይም ጨመረችበት። ውሃው ቢበርድ ኢንዛይሙ ሠራ፤ የሚበላውን በላ። ኢንዛይሙ ቢሠራ ቀለሙ ለቀቀ፤ የጋዜጣው ወሬ፣ የወደቁበት ፈተና፣ ሁሉም አረፋ ሆኖ ወጣ። ቀለሙ ቢለቅ ማሽኑ ጠቀለለ። ሐሙስ ቀትር ላይ ጫላ «መጣልሽ!» ብሎ ሲጮህ ከአጥር ውጭ ተሰማ። ማሽኑ ቢጠቀልል ቢላዋው ቆረጠ፤ እትዬ በለጡ ስትቆርጥ ዋለች፣ ሲመሽ ክንዷን ማንሳት አቃታት። ቢላዋው ቢቆርጥ ዓርብ ገና ጎሕ ሲቀድ ደብተሩ ተሰፍቶ በጋሪ ለጋሽ ሙዘይን ደረሰ። ትርንጎ የሱቁ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር።

ጋሽ ሙዘይን ከላይ ያለችውን ደብተር አንስቶ ሰጣት። ትርንጎ መሐረቧን ልትፈታ ስትል እጇን ያዘው።

«ተይው። ይቺን በክርንሽ ከፍለሻል።»

ሱቁም ሰጠ። ትርንጎ ፈትሌን ይዛ ሮጠች። ደወሉ ሳይደወል ደረሱ። መምህርት አልጣሽ ደብተሩን ተቀብላ አገላበጠችው፤ ገና የፋብሪካ ሙቀት አለው። መለሰችላት።

«ስም የለበትም። ሰባ ሁለት ደብተር ሲደባለቅ በምን ልለየው? ስሟን ጻፊበት።»

እስክሪብቶ ሰጠቻት። ትርንጎ ደረቀች። ከኋላዋ ወላጆች ተሰልፈዋል፣ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለዋል። ሁሉም ያያታል። ፊደሎቹ ብን ብለው ሊሄዱ ክንፋቸውን ዘረጉ። ደወሉ ተደወለ።

ፈትሌ ቀሚሷን ነካ አደረገቻት። «እማዬ፣ አንዱን ያዢው፣ ሌላው ይመጣል።»

ትርንጎ «ፈ»ን ያዘች። «ፈ» «ት»ን ጠራች። «ት» «ለ»ን ጎተተች። «ለ» «ወ»ን አመጣች፣ «ወ» «ር»ን፣ «ር» «ቅ»ን። ስትጨርስ ፊደሎቹ ትንሽ ወደ ላይ ተንጋደዋል፤ ግን አንዱም አልጠፋም። ፈትለወርቅ።

መምህርት አየችው። በሩን ለቀቀች። አስገባች።

ፈትሌም ገባች።

ትርንጎ በመስኮት እስክታያት ድረስ ቆመች። ሦስተኛው ዴስክ ላይ፣ ሁለት ልጆች ተጣበው መሐላቸው ቦታ ሰጥተዋታል። ደብተሯን ሁለት እጇ ሥር አድርጋ፣ ማንም እንዳይወስድባት ተጭናዋለች።

መምህርት አልጣሽ በሩን ልትዘጋ ስትል አንገቷን አወጣች። «ትርንጎ፣ ፋብሪካው የተነሣው ኢንዛይም በሚባል ነገር ነው አሉ። ምንድን ነው እሱ?»

ትርንጎ አሰበች። ይበላል፣ ሕይወት የለውም። ሰው አይደለም፣ ይሠራል። አሁንም አልገባትም። ቢተውን ጀርባዋ ላይ አስተካከለችው።

«እኔ እንጃ መምህርት» አለች፤ «ብቻ የፈላ ውሃ አይወድም፣ ቀዝቃዛም አይወድም። እንደ ቢተው ነው።»

ተረቴን መልሱ፤ ውሃውን በክርን ዳስሱ።